ፊቷ ለምን ጠፋ? ፎቶን በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ላይ ማሳየት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሚሠራ ኮሞዶር 64 አለኝ። የእናቴን ፎቶ በስልኬ አንስቼ፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ለውጬ ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። የቀለም ካሬ ብቻ ሆነብኝ፤ ፊቷ ጭራሽ አይለይም። ፎቶው ውጭ፣ እኩለ ቀን ላይ የተነሳ ነው። ከኋላዋ ዛፍ አለ፤ የለበሰችው አበባ አበባ ያለበት ልብስ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን በዚሁ ማሽን የሚያምር የሰው ፊት ያሳዩ ነበር። ካሜራ ይሰካበት ነበር ሲባልም ሰምቻለሁ። እንዴት ነበር የሚያደርጉት? እኔስ ምን አጠፋሁ? የድሮ ዲጂታይዘር (የካሜራን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ፈልጌ ልግዛ?»

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። ጥፋቱ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም። ፎቶው ሲነሳ ነው ነገሩ ያለቀው። የእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ከኋላ ዛፍ፣ አበባ አበባ ልብስ። ይህ ለስልክ ስክሪን ምንም አይደለም። ለኮሞዶር 64 ግን ከዚህ የሚከብድ ፎቶ የለም። ለምን እንደሆነ ማሽኑን ከውስጥ ስናየው ይገባናል።

ኮሞዶር 64 በ1982 ሲወጣ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ነበረው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶ ሳይጨመቅ ቢዘረጋ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። የማሽኑን ጠቅላላ ሚሞሪ ከ500 ጊዜ በላይ ያጥፈዋል። ፎቶውን ወደ 320 በ200 ፒክስል ብናሳንሰው እንኳ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ሙሉ ቀለሙን ይዞ ልግባ ካለ 192,000 ባይት ይፈልጋል። አሁንም አይገባም። ስለዚህ የስክሪኑን ቺፕ የሠሩት መሐንዲሶች አንድ ዘዴ ተጠቀሙ። ቀለምን ለፒክስል ማደሉን ትተው ለሰፈር አደሉት።

ለፎቶ በብዛት የምንጠቀምበት ሞድ መልቲከለር ይባላል። በዚህ ሞድ ስክሪኑ 160 በ200 ፒክስል ነው። ፒክስሎቹ ወደ ጎን የተለጠጡ ናቸው፤ ስፋታቸው የቁመታቸውን እጥፍ ያህላል። ስክሪኑ በ1,000 ትንንሽ ሰፈሮች ይከፈላል፤ 40 ወደ ጎን፣ 25 ወደ ታች። አንዷ ሰፈር 4 ፒክስል ትሰፋለች፣ 8 ፒክስል ትረዝማለች። በዚያች ሰፈር ውስጥ ከ4 ቀለም በላይ መኖር አይቻልም። ከአራቱ አንዱ ደግሞ የመላው ስክሪን የጋራ ቀለም ነው። እንግዲህ እያንዳንዷ ሰፈር የራሷ የምትለው 3 ቀለም ብቻ ነው። እነሱንም የምትመርጠው ከ16 ቋሚ ቀለሞች ነው። ቡኒው ትንሽ ቀላ ይበልልኝ ቢሉ አይሆንም። ቺፑ ውስጥ ያለው ቡኒ ያው ነው።

አሁን ወደ ፎቶዎ እንመለስ። በዛፉ ቅጠሎች መካከል ፀሐይ ሾልካ ትገባለች። አንዷ ሰፈር ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ቡኒ ግንድ ይገኛል። ፕሮግራሙ የግድ አንዱን ወይም ሁለቱን ይጥላል። ቀጥሎ ያለችው ሰፈር ደግሞ ሌሎች ትጥላለች። ዓይናችን የሚያየው ቅጠሉን ሳይሆን በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለውን ድንበር ነው። ልብሱም ላይ ያው ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከላይ ስለሚወርድ ግንባር ይነጣል፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይጨልማል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይወድቃል። መሃለኛው፣ ፊትን ፊት የሚያደርገው ለስላሳ ሽግግር፣ ከመጀመሪያውም ፎቶው ላይ የለም። ፕሮግራሙ ከየት ያምጣው?

ስለ እነዚያ 16 ቀለሞች ጥቂት ልቆይ። የተደበቀው ሀብት እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው የሚያያቸው እንደ ቀለም ነው። እኔ የማያቸው እንደ መሰላል ነው። በኋለኞቹ የቺፑ እትሞች 16ቱ ቀለሞች 9 የብሩህነት ደረጃ ብቻ አላቸው። ታች ጥቁር፣ ላይ ነጭ። በመካከል ያሉት 14ቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የተቀመጡት። ሰማያዊና ቡኒ እኩል ይጨልማሉ። ከእነሱ ከፍ ብሎ ቀይና ጥቁር ግራጫ ናቸው። ከዚያ ወይን ጠጅና ብርቱካናማ። ከዚያ ፈዛዛ ሰማያዊና መሃለኛው ግራጫ። ከዚያ አረንጓዴና ፈዛዛ ቀይ። ከዚያ ውሃ ሰማያዊና ፈዛዛ ግራጫ። ከነጭ በታች ያሉት ቢጫና ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው።

ይህን ያወቀ ሰው የሰው ፊት መሥራት ይችላል። ለሞቃት ቆዳ ሞቃት ቀለም ካለው ጥንድ ሁሉ ሞቃቱን ይይዛል፦ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ፈዛዛ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ለቀዝቃዛ ጥላ ደግሞ የዚያኑ ደረጃ ሌላውን ጥንድ ያስገባል። ቀለሙ ቢሳሳት ዓይን ይቅር ይላል። ብሩህነቱ ከተሳሳተ ግን ይቅርታ የለም። አፍንጫ የት እንደሚያልቅ፣ ጉንጭ የት እንደሚዞር የምናውቀው በብርሃንና በጥላ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰዎችን ለዘመናት ያሳየን ለዚህ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም ምናልባት ቀለሙን አስቀድሞ ብሩህነቱን አስከትሏል። ብዙዎቹ ሳይነኩ ከተተዉ እንዲያ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ካሜራው። አዎ፣ ይሰካ ነበር። ግን ነገሩ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚጀምረው።

በ1957 ራስል ኪርሽ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያ ተቋም ባለሙያ የልጁን የዋልደንን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ልጁ ገና የ3 ወር ሕፃን ነበር። ምስሉ 176 በ176 ፒክስል ነው። ስካነሩ እያንዳንዱን ነጥብ «ጥቁር» ወይም «ነጭ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም ነበር። ኪርሽና ባልደረቦቹ ታዲያ የብርሃኑን መቁረጫ ልክ እየቀያየሩ ያንኑ ፎቶ ደጋግመው ስካን አደረጉና ውጤቱን ደራረቡት። በአንደኛው ዙር ጥቁር፣ በሌላው ዙር ነጭ የሆነው ነጥብ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ይህንን ዘዴ ያስታውሱት። ከ25 ዓመት በኋላ በቤት ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የቤት ኮምፒውተር ችግሩ ፍጥነት ነበር። ፓል በሚባለው የቲቪ ሥርዓት የሚሠራ ቪዲዮ ካሜራ በሰከንድ 50 ጊዜ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል። አንዱ መስመር 64 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ምስሉ ያለበት ከዚያ ውስጥ 52 ያህሉ ነው። በዚያች ቅጽበት 320 ነጥብ ማንበብ ያስፈልጋል። የፓል ኮሞዶር 64 አንጎል ግን በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ትርታ ብቻ ነው የሚመታው። በአንድ መስመር 63 ትርታ ይደርሰዋል። አንድ ነጥብ ከፖርት አንብቦ ሚሞሪ ውስጥ ለማስቀመጥ ዘጠኝ ትርታ ገደማ ይፈጃል። በአንድ መስመር ውስጥ ቢበዛ አምስት ስድስት ነጥብ ያነባል ማለት ነው። 320ው የት ደርሶ!

መፍትሔው በጣም ቀላል፣ በጣም ቆንጆ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታንብብ። ከእያንዳንዱ መስመር አንድ ነጥብ ብቻ አንብብ። ካሜራው አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሲጠርግ ኮምፒውተሩ አንድ ቀጭን ቋሚ አምድ ይይዛል። በሚቀጥለው ጠረጋ ትንሽ ዘግይቶ ያነባል፤ ያ ሁለተኛው አምድ ይሆናል። እንዲህ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሰከንድ 50 አምድ ቢይዝ 320ውን ለመጨረስ 6 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነው፤ ካሜራው ግን ያንኑ ምስል ደጋግሞ ስለሚልክለት መቸኮል አይጠበቅበትም።

በዚህ መንገድ የሚሠሩ ብዙ ዲጂታይዘሮች ርካሽ እንዲሆኑ ውስጣቸው የነበረው አንድ ማነጻጸሪያ ብቻ ነው። ሲግናሉ ከተቀመጠለት ልክ በላይ ነው ወይስ በታች? መልሱ አንድ ቢት። ግራጫ ሲፈለግ ልኩን ቀይሮ እንደገና ስካን ማድረግ ነው። የኪርሽ ዘዴ ይኸው ተመልሶ መጣ። ለ8 ደረጃ ግራጫ 7 ዙር ያስፈልጋል። ሰባት ጊዜ ስድስት ተኩል ሰከንድ፣ 45 ሰከንድ ገደማ። ፊቱ የሚነሳው ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ መንቀሳቀስ የለበትም።

እዚህ ላይ ነው የ1980ዎቹ ሰዎችና የእርስዎ መንገድ የሚለያየው። እነሱ ውጤቱን በዚያው ስክሪን ላይ፣ በዚያው ደቂቃ ያዩታል። ፊቱ ከጨለመ መብራቱን ያስጠጋሉ። ጀርባው ከተረበሸ አንሶላ ይሰቅላሉ። ዲጂታይዘሩ ላይ ካሉት ማዞሪያዎች አንዱ ለብሩህነት ነው፤ ትንሽ ዞር ያደርጉትና እንደገና ይሞክራሉ። ማሽኑ የሚችለውን እያዩ ብርሃኑን ለማሽኑ ያዘጋጁ ነበር። እኛ ዛሬ ብርሃኑን ለስልክ አዘጋጅተን፣ ከዚያ ለማሽኑ ተርጉምልን ብለን ፕሮግራሙን እንጠይቃለን።

እኔ በድሮ ዲጂታይዘር የመጀመሪያዬን ምስል ሳነሳ እህቴን ነበር ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት። ትንፋሿን ያዘች፤ ምስሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ፈገግ አለች። ግራ ጉንጯ ኮስታራ፣ ቀኝ ጉንጯ ሳቂታ ሆኖ ወጣ። ያ ምስል ዛሬም አለኝ። ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ስድስት ሰከንድ ተኩል የሚሆን ጊዜ በአንድ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ይህንን ሥራ ከሁሉ በላይ ያራቀቀው ኩባንያ ኒውቴክ ነው። ቲም ጄኒሰን ያቋቋመው ነው። በ1986 ለአሚጋ ኮምፒውተር ዲጂ ቪው የሚባል ዲጂታይዘር አወጣ። ቀለም የሚያነሳበት መንገድ ዛሬም ያስደንቀኛል። የሚሰካው ጥቁርና ነጭ ካሜራ ነው። ከሌንሱ ፊት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ያለበት ክብ ጎማ ይቆማል። በቀይ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ስካን ይደረጋል፣ ጎማው በእጅ ይዞራል፣ በአረንጓዴ ይደገማል፣ በሰማያዊ ይሠለሳል። ሦስቱ ሲደረቡ ሙሉ ቀለም ይወጣል። ለምን ቀለም ካሜራ አልተጠቀሙም? በጊዜው ጥቁርና ነጭ ካሜራ የሚሰጠው ምስል ከቀለሙ የጠራ ነበር። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። በሦስቱ ዙር መካከል የተነሳው ነገር ቢነቃነቅ ጠርዙ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥላ ይታያል። ለዚህ ነው የዘመኑ የአሚጋ ምስሎች ላይ ፍራፍሬና አሻንጉሊት የሚበዛው፤ እነሱ አይተነፍሱም።

አሚጋው ደግሞ ያንን ቀለም የሚያሳይበት የራሱ ሞድ ነበረው። ሃም ይባላል። በዚህ ሞድ ለአንድ ፒክስል 6 ቢት ይሰጠዋል። ፒክስሉ ሁለት ምርጫ አለው። ከተዘጋጁ 16 ቀለሞች አንዱን ይወስዳል፤ ወይም ከግራ ያለውን ጎረቤቱን ቀለም እንዳለ ይዞ ቀዩን፣ አረንጓዴውን ወይም ሰማያዊውን ብቻ ይቀይራል። በዚህ መንገድ 4,096ቱም ቀለሞች በአንድ ስክሪን ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ሙሉ የፓል ምስል 61,440 ባይት ይይዛል። ኮሞዶር 64 ላይ ሙሉውን ሚሞሪ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም ነበር። ድክመቱ ጠርዝ ላይ ነው። ከጥቁር ፀጉር ወደ ደማቅ ግድግዳ ለመሻገር ሦስቱንም ለመቀየር እስከ ሦስት ፒክስል ይፈጃል፤ እዚያ ጋ የቀለም ጭራ ይጎተታል። ቆዳ ላይ ግን ሽግግሩ ለስላሳ ስለሆነ ሃም ድንቅ ነው።

ሌሎቹን የዘመኑን ኮምፒውተሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ዜድኤክስ ስፔክትረም 256 በ192 ፒክስል አለው፤ በ8 በ8 ሰፈር ውስጥ 2 ቀለም ብቻ። ሙሉ ስክሪኑ 6,912 ባይት ነው። እዚያ ላይ ፎቶ በጥቁርና ነጭ ቢቀር ይሻላል እላለሁ። ኤምኤስኤክስ 2 በተቃራኒው 256 ቀለም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ፊሊፕስ ዲጂታይዘሩን ውስጡ አስገብቶ የሸጠው ሞዴል ሁሉ ነበር። አታሪ ኤስቲ ከ512 ቀለም 16ቱን ያሳያል፤ በኋላ ግን ፕሮግራመሮች መስመሩ እየተሳለ እያለ ቀለሞቹን በመቀየር 512ቱንም ማሳየት ቻሉ።

አንዱን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። የአፕል ኮምፒውተር ማኪንቶሽ በ1984 ሲወጣ ስክሪኑ 512 በ342 ፒክስል፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ተንደርስካን የሚባለው ስካነር የመጣው ለእሱ ነው። ከፕሪንተሩ የቀለም ሪባኑን አውጥተው በቦታው የብርሃን አንባቢ ይሰካሉ። ወረቀት የሚያስገባው ፕሪንተር አሁን ፎቶ ይጎትታል። ሲጽፍ የነበረው ጭንቅላት አሁን ያነባል። ሶፍትዌሩን የጻፈው ከማኪንቶሽ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው አንዲ ኸርትዝፌልድ ነው። ስካነር ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው፣ ቤቱ ያለው ፕሪንተር ስካነር ሆነለት።

አሁን እርስዎ ምን ያድርጉ? ፎቶውን እንደገና ያንሱ። ከዚህ የሚያመልጡበት መንገድ የለም። እናትዎን ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ጎን ያስቀምጡ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ። ፀሐይ በቀጥታ አይግባ፤ ደመናማ ቀን ከሁሉ ይመረጣል። ከኋላቸው አንድ ወጥ ጨለም ያለ ጨርቅ ይስቀሉ። ልብሳቸውም አንድ ቀለም ይሁን። ጀርባው ወጥ ጥቁር ከሆነ ያንን ለመላው ስክሪን የጋራ የሚሆነውን ቀለም ጥቁር ያደርጉታል። ያኔ ሦስቱ ነፃ ቀለሞች በሙሉ ለፊት ይተርፋሉ። በተረበሸ ጀርባ ግን እነዚያ ሦስቱ ለቅጠል ይባክናሉ።

ከዚያ ከፀጉር ጫፍ እስከ አንገት ጠበቅ አድርገው ይቁረጡ። ሙሉ ሰውነት አይሞክሩ። ዓይን ቢያንስ 12 የመልቲከለር ፒክስል ካልሰፋ ዓይን አይመስልም፤ ይህ የእኔ ልምድ ነው። ሲቆርጡ ስፋቱና ቁመቱ 3 ለ2 ይሁን። ብዙ ሰው 320 በ200 ስለተባለ 16 ለ10 ይቆርጣል። የፓል ኮሞዶር ፒክስል ግን ፍጹም ካሬ አይደለም። ትንሽ ጠበብ ይላል። በ16 ለ10 የቆረጡት ፊት ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የከሳ ይመስላል።

ቀጥሎ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ያጥፉና ግራጫ ያድርጉት። ገና ቀለም አያስቡ። ኮንትራስቱን እስኪበዛ ድረስ ሳይሆን፣ ጉንጭ ላይ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ደረጃ እስኪታይ ያስተካክሉ። መሃለኛውን ግራጫ ትንሽ ያጨልሙት። ምክንያት አለው። ጥቁርና ነጭ ነጥብ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ ዓይን የሚያየው ከጠበቅነው የሚነጣ ግራጫ ነው። አስቀድመው ካላጨለሙት ፊቱ አመድ የተነፋበት ይመስላል።

ከዚያ ወደ 160 በ200 ያሳንሱ። ነጥቦቹን የሚደባልቁት ካሳነሱ በኋላ ነው፤ በፊት በጭራሽ። ነጥቡ ከተደባለቀ በኋላ ምስሉን ማሳነስ ሁሉንም ያበላሸዋል። ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥም እንዲሁ። በፒኤንጂ ያስቀምጡ።

ነጥብ መደባለቁ ዲተሪንግ ይባላል። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን በትንንሽ ነጥብ ሲቀመጡ ዓይን ሦስተኛ ያያል። የታወቀው ዘዴ የፍሎይድና የስታይንበርግ ነው፤ በ1976 የወጣ። አንድ ፒክስል ከእውነተኛው ብሩህነቱ ሲያፈነግጥ ልዩነቱ ለጎረቤቶች ይከፋፈላል። ከ16 እጅ 7ቱ ለቀኝ፣ 5ቱ ለቀጥታ ታች፣ 3ቱ ለታች ግራ፣ 1ዱ ለታች ቀኝ። ለማኪንቶሹ ቢል አትኪንሰን ያወጣው ሌላ አለ። ልዩነቱን ለ6 ጎረቤት ከ8 አንድ አንድ እጅ ይሰጥና የቀረውን 2 እጅ ይጥለዋል። የተጣለው እጅ ጥፋት ይመስላል፤ ግን ጥላው ጥርት ብሎ ይጠቁራል፣ ብርሃኑም ይጠራል። ለትንሽ ስክሪን የሰው ፊት እኔ አትኪንሰንን እመርጣለሁ። በመልቲከለር ሰፋፊ ፒክስል ላይ ደግሞ እነዚህ ሁለቱም ትል የሚመስል መስመር ከሠሩብዎ፣ ቋሚ ሰሌዳ የሚጠቀመውን የቤየርን ዘዴ ይሞክሩ። ሥርዓት ያለው ጥልፍ ይሰጣል።

ፋይሉን በኮአላ ፎርማት ያውጡ። ብዙ ማሳያ ፕሮግራሞች ያውቁታል። መጠኑ 10,003 ባይት መሆን አለበት፦ 2 ለአድራሻ፣ 8,000 ለፒክስሎቹ፣ 1,000 እና 1,000 ለሰፈሮቹ ቀለም፣ 1 ለጋራው ቀለም። አንድ ባይት እንኳ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ይህን ሳያዩ ወደ ማሽኑ አያስተላልፉት፤ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ከ4 ቀለም ሕግ ማምለጫም አለ፤ ኤፍኤልአይ ይባላል። ቺፑ የሰፈሩን ቀለም የሚያነበው በየ8 መስመሩ ነው። ፕሮግራሙ አታልሎ በየመስመሩ እንዲያነብ ያደርገዋል። ቀለሙ ይበዛል፣ ሰፈሩ ይጠባል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ምስሉ ወደ 17,000 ባይት ያድጋል፣ አንጎሉ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም፣ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ 12 የመልቲከለር ፒክስል ይበላሻል። በደንብ የተነሳ ፎቶ በተራው ኮአላ ያምራል። በደንብ ያልተነሳውን ኤፍኤልአይም አያድነውም።

ውጤቱን በምን ያዩታል? ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም)፣ በዘመናዊ ስክሪን ላይ ካዩት እያንዳንዱ ፒክስል የተሳለ ካሬ ሆኖ ይታያል። የድሮው ካቶድ ቲቪ ግን ያለሰልሳል። ጎረቤት ፒክስሎች ይፈሳሉ፣ በፓል ቲቪ የሁለት ተከታታይ መስመሮች ቀለም ይደባለቃል። ዲተሪንግ ለዚያ ስክሪን የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ቡኒና ብርቱካናማ ነጥብ ተደባልቀው አዲስ ቆዳ የሚሆኑት እዚያ ላይ ነው። ካቶድ ቲቪ ካለዎት ሳያዩበት ምስሉን አይፍረዱበት። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ ክፍሉን ያጨልሙ፣ ስልኩን በትራይፖድ ያቁሙ፣ የሹተሩን ፍጥነት 1/25 ሰከንድ ያድርጉ። ከዚያ ከፈጠነ ምስሉ ላይ ጥቁር ባንድ ሊታይ ይችላል።

ዲጂታይዘሩን ይግዙ? ምስሉ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ አያስፈልግዎትም። ከላይ ያልኩት መንገድ የተሻለ ምስል ይሰጥዎታል። ድርጊቱን ራሱ ከወደዱት ግን ይግዙ፤ እኔ ብሆን እገዛለሁ። አምድ በአምድ ከግራ ወደ ቀኝ የሰው ፊት ሲገለጥ ማየትን የሚተካ ነገር አላገኘሁም። ስልክዎን ግን አይሰኩበትም። በኮምፖዚት ገመድ ሲግናል የሚያወጣ የድሮ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ጥቁርና ነጭ የጥበቃ ካሜራ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። ፖዝ የተደረገ የቪዲዮ ካሴት ምስል አይሞክሩ፤ ሲግናሉ ስለሚንቀጠቀጥ አምዶቹ አይገጣጠሙም። ከመሰካትዎ በፊት ደግሞ የኮሞዶሩን ፓወር ሰፕላይ በመለኪያ ይፈትሹ። ባለ 5 ቮልቱ መስመር ሲያረጅ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ቺፖቹን ሊያቃጥል ይችላል። የዋናውን ፓወር ሰፕላይ ዕድሜ ካላወቁ በአዲስ ይተኩት።

አሁን መጀመሪያ የሚሠሩት ይህን ነው። ከ16ቱ ቀለሞች አምስቱ ጥቁር፣ ሦስት ግራጫዎችና ነጭ ናቸው። የእናትዎን አዲሱን ፎቶ በእነዚህ አምስት ብቻ ያውጡት። ከዚያ ከቲቪው ሦስት ሜትር ይራቁና ይዩ። ዓይናቸው የት እንደሚያይ ከተለየ፣ ጥቁር ግራጫውን በቀይ፣ መሃለኛውን በብርቱካናማ፣ ፈዛዛውን በፈዛዛ ቀይ ቀይረው እንደገና ይሞክሩ፤ ደረጃው በጥቂቱ ቢዛነፍም ቆዳው ይሞቃል። ካልተለየ ግን ቀለሙን ይተዉትና ወደ መስኮቱ ይመለሱ።